ቆዳው ሲቆጣ ጉበቱም ይመርመር

ማለዳ ከሰበታ የሚነሳው ሚኒባስ ዓለም ገናን አልፎ አየር ጤና ሲደርስ ግማሹ ሰው ይወርዳል። ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ ‹‹አለርት የሚወርድ አለ?›› ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይመጣም። ‹‹መገናኛ ወራጅ›› ብሎ የሚጮኸው ሰው ‹‹አለርት ወራጅ›› ለማለት ድምፁ ያጥረዋል። ኋላ ወንበር ላይ እጅጌው ረጅም ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ እጁን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች ሴት ምንም ሳትናገር ወደ በሩ ትጠጋለች።

ይህን ዝምታ ያመጣው የቦታው ታሪክ ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1934 በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ አለርት የሚለውን ስም ያዘ። ዛሬ ሁሉንም ዓይነት ሕመምተኛ የሚያይ ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ በቆዳ ሕክምና ግን አሁንም ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር የሚጻፍለት እሱ ነው። የሰበታ ሰው በጅማ መንገድ፣ የቡራዩ ሰው በአስኮና በዊንጌት፣ የሱሉልታ ሰው እንጦጦን ወርዶ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደዚሁ በር ይመጣል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የቆዳ ሐኪም ፍለጋ ግን ጉዞው ዛሬም ወደ አዲስ አበባ ነው።

ከእነዚህ ተሳፋሪዎች አንዳንዶቹ የያዛቸው ሶሪያሲስ የሚባለው ሕመም ነው። ክርናቸው፣ ጉልበታቸው፣ ወገባቸው ወይም ራስ ቅላቸው ላይ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ ከጤናማው ቆዳ ጥርት ብሎ የሚለይ፣ በላዩ ብርማ ቅርፊት ያዘለ ቁስል ይወጣል። የሕክምና መጻሕፍት ቁስሉን ‹‹ቀይ›› ይሉታል፤ እኛ ቆዳ ላይ ግን ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሲድን ደግሞ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ራስ ላይ ሲወጣ ፎረፎር ወይም ቆረቆር ይሉታል፣ ክርን ላይ ሲወጣ ጭርት፣ እግር ላይ ሲወጣ ችፌ። አንዱ የፈንገስ ቅባት ይገዛል፣ ሌላው ጸበል ይገባል፣ ሱሉልታ ያለው ለጋ ቅቤ ይቀባል። ቅቤው ድርቀቱን ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ በሽታውን ግን አይነካውም።

ሶሪያሲስ አይተላለፍም። ይህንን ደግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ አንድ ትሪ ላይ በመብላት፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ከጀርም ወይም ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ምንጩ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ነው። ጤነኛ ቆዳ አዲስ ሕዋስ ከሥር አብቅሎ ወደ ላይ ለማውጣትና አሮጌውን ለማራገፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ያለበት ቆዳ ይህንኑ ሥራ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል፤ ሕዋሱ ሳይበስል ስለሚወጣ ቅርፊት ሆኖ ይከመራል። ይህን ጥድፊያ የሚያዙት የመከላከያ ሕዋሳት የሚረጯቸው የመልእክት ኬሚካሎች ናቸው። ዋናዎቹ ኢንተርሊውኪን 17፣ ኢንተርሊውኪን 23 እና ቲኤንኤፍ አልፋ ይባላሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ ውሳኔ አሳልፏል፤ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አብሮት ይኖራል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚያ ኬሚካሎች ቆዳ ላይ ብቻ የማይቀሩ መሆናቸው ነው።

ደም ውስጥ የሚዞረው ቁጣ

ቲኤንኤፍ አልፋና ጓደኞቹ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ያዳርሳሉ። በደረሱበት ሁሉ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውካሉ። ኢንሱሊን ሲታወክ ስኳር በደም ውስጥ ይቆያል፣ ስብ ከተቀመጠበት ይለቀቃል፤ የተለቀቀው ስብ በብዛት የሚገባው ጉበት ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ሆድ ዕቃን ከብቦ የሚከማቸው የውስጥ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሥጋ አይደለም፤ እሱም በበኩሉ ቲኤንኤፍ አልፋን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ ደሙም በቀጥታ ወደ ጉበት ይፈስሳል። ጉበት በዚህ ሁሉ ሲቆጣ የራሱን የብግነት ምልክቶች ወደ ደም ይለቃል፣ እነሱም ተመልሰው ቆዳውን ሊያባብሱት ይችላሉ። አንዱ ሌላውን ይመግባል።

ሐኪሞቻችን አልትራሳውንድ ላይ አይተው ‹‹ፋቲ ሊቨር አለብህ›› የሚሉን ይህንኑ የጉበት ስብ ነው። ከጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከ5 በመቶ የሚበልጡት ስብ ሲይዙ በሽታ ይባላል። ለብዙ ዓመት ‹‹ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የስብ ጉበት›› በሚል ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ለውጠው ከውፍረት፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከደም ስብ መዛባት ጋር አያያዙት። በዓለም ላይ ከአዋቂው ሕዝብ ከ10 ሰው 3ቱ ገደማ አለበት። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ጥቂቱ ላይ ግን ስቡ ጉበቱን ያቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይደርቃል፤ ከዚያም ሆድ ውኃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክ፣ አንዳንዴም የጉበት ካንሰር ይከተላል።

ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ላይ የጉበት ስብ ምን ያህል እንደሚበዛ ቀድመው ካሳዩት መካከል የጣሊያንዋ ቬሮና ሐኪሞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 130 የሶሪያሲስ ሕመምተኞችን በዕድሜ፣ በፆታና በክብደት ከሚመስሏቸው 260 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የጉበት ስብ የተገኘው በሕመምተኞቹ በኩል በ47 በመቶው፣ በሌሎቹ በኩል በ28 በመቶው ነበር። ክብደት እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሮተርዳም ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲታዩ 46 በመቶ ለ33 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጥናቶቹን ያጠቃለሉ ትንተናዎች ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የጉበት ስብ የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ገደማ መሆኑን ተናግረዋል። ቁስሉ የሸፈነው የሰውነት ክፍል በሰፋ መጠን ጉበት የመጎዳት ዕድሉም ይጨምራል። ስፋቱን ለመገመት ሐኪሞች ቀላል መለኪያ አላቸው፤ የሕመምተኛው መዳፍ ከነጣቶቹ የገላው 1 በመቶ ገደማ ነው። ቁስሉ ከአሥር መዳፍ በላይ ከሆነ በሽታው ጠንክሯል ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የአውሮፓ ናቸው፤ ለእኛ አይሠሩም የሚል ሰው ይኖራል። ጅማ ላይ በስኳር ሕመምተኞች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የጉበት ስብ አግኝቷል። ‹‹የጉበት ስብ የፈረንጅ በሽታ ነው›› የሚለው አባባል ጅማ ላይ ፈርሷል። ሰበታና ቡራዩም ከጅማ የተለየ ኑሮ አይኖሩም። ፋብሪካው፣ መጋዘኑና የጭነት መኪናው በበዛባቸው በእነዚህ ከተሞች ትናንት ሞፈር ይዞ ይውል የነበረ ሰው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ምሳው ፓስታ፣ መክሰሱ ፓስቲና ለስላሳ ሆኗል።

የአጎቴ ወረቀት

አጎቴ ቡራዩ ነው የሚኖረው። በአምቦ መንገድ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ክርኑና ጉልበቱ ላይ ቁስሉ የወጣው ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቁስሉ በተነሳ ቁጥር አንድ ክሊኒክ ገብቶ የስቴሮይድ መርፌ ይወጋል። መርፌው ተአምር ይመስላል፤ በሳምንት ውስጥ ቆዳው ይጠራል። መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሲወጣ ግን ቁስሉ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ጀርባውንና ሆዱን ሁሉ አዳረሰው። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቱ እየከበደ፣ ቦርጩ እየገፋ፣ ስኳሩ እየጨመረ መጣ። ‹‹ተመችቶታል›› እንለው ነበር።

ሶሪያሲስን በስቴሮይድ መርፌ ወይም በሚዋጥ ስቴሮይድ መያዝ በቆዳ ሕክምና ዘንድ የታወቀ አደጋ ነው። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ መላ ገላን የሚልጥ ወይም መግል የሚያስቋጥር ከባድ ዓይነት ሊነሳ ይችላል። ከዚህም ሌላ ስቴሮይድ ራሱ ስኳርን፣ ግፊትን፣ ውፍረትንና የጉበት ስብን ያመጣል። በቆዳው ምክንያት ለአደጋ የተጋለጠው ጉበት በመርፌው ሁለተኛ ዱላ ይቀበላል። ሐኪም ቦታና ጊዜ ወስኖ የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ዋና መድኃኒት ነው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩባቸው። የጣቶቹን መገጣጠሚያ እየተጫነች ጠዋት ጠዋት ይደርቅበት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ሜትር አወጣች።

‹‹ጋሼ፣ ይነሱ እስቲ፤ ወገብዎን ልለካ።››

‹‹እኔ የመጣሁት ለቆዳዬ ነው ልጄ።››

‹‹ለቆዳዎ ነው የምለካዎት።››

104 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሲያልፍ የውስጥ ስቡ በዝቷል ተብሎ ይጠረጠራል። የታዘዘለት ምርመራ ማንኛውም ደህና ላቦራቶሪ የሚሠራው ነው፤ የደም ቆጠራ፣ የጉበት ኤንዛይሞች፣ ስኳር፣ የደም ስብ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ የሆድ አልትራሳውንድ። ወረቀቱ ሲመጣ የጉበት ኤንዛይሞቹን ኤስጂኦቲ 48፣ ኤስጂፒቲ 64፣ ፕሌትሌት 200 ሺህ ይላል። አልትራሳውንዱ ጉበቱ መካከለኛ ስብ እንዳለው ጽፏል።

ሐኪሟ ስልኳን አውጥታ ያሰላችው ስሌት ነው ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ፊብ-4 ይባላል። የሕመምተኛው ዕድሜ በኤስጂኦቲው ይባዛል። ፕሌትሌቱ በሺህ ተቆጥሮ በኤስጂፒቲው ስኩዌር ሩት ይባዛል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል። የአጎቴ ዕድሜ 52 ነው፤ 52 ሲባዛ በ48፣ 2496። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው፤ 200 ሲባዛ በ8፣ 1600። ሲካፈል 1.56 ይሆናል። ውጤቱ ከ1.3 በታች ቢሆን ኖሮ ጉበቱ ላይ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው ተብሎ በዓመት በሁለት ዓመት ይደገም ነበር። ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። በመካከል ያለ ሰው የጉበቱን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን ያስፈልገዋል። ከ35 ዓመት በታች ስሌቱ አስተማማኝ አይደለም፤ ከ65 በላይ ደግሞ ዝቅተኛው መስመር ወደ 2 ከፍ ይላል። አጎቴ ፋይብሮስካኑን ተነሳ። ስቡ አለ፣ የከፋ ጠባሳ ግን የለም።

አራት ቁጥሮች ናቸው። ሦስቱ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ተጽፈዋል፣ አራተኛው ካርዱ ላይ አለ። በሰበታም በሱሉልታም ይህን ለማስላት አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ፤ የጉበት ኤንዛይም ‹‹ኖርማል›› ስለሆነ ጉበቱ ስብ የለውም ማለት አይቻልም። ብዙ ስብ ያለበት ጉበት ኖርማል ኤንዛይም ሊያሳይ ይችላል። አልትራሳውንድም ስቡ ትንሽ ሲሆን ያልፈዋል።

መድኃኒቱ ወይስ ጉበቱ?

ሶሪያሲስ ሲጠነክር በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ከሶሪያሲስ ጋር ለሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመምም ይረዳል። ስሙ ግን ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ ብዙ ሕመምተኛ ‹‹ጉበት ይበላል›› ሲባል ሰምቶ በራሱ ጊዜ ያቆመዋል። የድሮው የሕክምና መመሪያ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሁሉ ጉበቱ በመርፌ ተወግቶ ናሙና እንዲወሰድለት ያዝ ነበር። በኋላ የተጠራቀመው መረጃ ሌላ ነገር አሳየ፤ ጠባሳ የተገኘባቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ወፍራም፣ ስኳር ያለባቸው ወይም አልኮል የሚጠጡ ነበሩ። ለብዙ ዓመት በመድኃኒቱ ላይ የተላከከው ጥፋት በከፊል ቀድሞ የነበረው የጉበት ስብ ሥራ ነበር። ዛሬ መመሪያዎቹ ናሙና መውሰዱን ለጥቂቶች ብቻ ትተው በደም ምርመራና በፋይብሮስካን ይከታተላሉ።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጉበቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ይህ ይበልጥ ይገባል፤ ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የተስፋፋ ነውና። የሕፃናት ክትባቱ በመላ አገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ዛሬ ሶሪያሲስ የያዘው አዋቂ አብዛኛው አልተከተበም። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲጀምር ቫይረሱ ሊነሳበት ይችላል።

ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኒው ደም መሥራት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ የታዘዘለት አጎቴ ረቡዕን መረጠ፤ የጾም ቀን ስለሆነ አይረሳውም። አብሮ የታዘዘለትን ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይወስዳል። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባትም፤ ለፅንስ አደገኛ ነው።

አልኮልን በተመለከተ ሰበታ የቢራ ከተማ ናት፤ ሜታ አቦ ፋብሪካ እዚያ ነው ያለው። 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። በቀን ሦስት ጠርሙስ የሚጠጣ ወንድ በሳምንት ከ270 ግራም በላይ ይደርሳል፤ ከ210 ካለፈ የጉበት ሐኪሞች ጉዳቱን የስብና የአልኮል ጥምር ብለው ይመድቡታል። የቤት አረቄ ደግሞ ምን ያህል አልኮል እንደያዘ የሚለካው የለም። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምንም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። አጎቴ ቢራውን ተወ። ጫቱን ለመተው ግን ብዙ ተቸገረ፤ ሾፌር ነውና።

ለጉበት ስብ በመድኃኒት ደረጃ አዳዲስ ነገሮች እየመጡ ነው፤ አሜሪካ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቅዳለች። ዋጋው ለቡራዩ ሾፌር የሚታሰብ አይደለም። የሚታሰበው ክብደት መቀነስ ነው፤ እሱም ይሠራል። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶው ሲቀንስ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ይቀንሳል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ የጉበቱ ቁስለት ይሻላል፣ በብዙዎች ላይ ቆዳውም አብሮ ይረጋጋል። 88 ኪሎ ለሚመዝነው አጎቴ ከ7 እስከ 10 በመቶው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ነው።

ሱሉልታ የሯጮች አገር ናት። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው ትራክ እዚያ ይገኛል፤ ጠዋት በሜዳው የሚሮጡትን ልጆች መንገደኛ ሁሉ ያያቸዋል። ጉበት ግን ሩጫ አይጠይቅም። ትንፋሽ በሚያስቆጥር ፍጥነት በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃዋል። ጾሙም ያግዛል፣ በአግባቡ ከተጾመ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ቀይ ሥር ለጉበት የተመቹ ናቸው፤ የሚያበላሻቸው ከላይ የሚፈሰው ዘይት፣ ከጎን የሚመጣው ፓስቲና ለስላሳ ነው። ቡና ለሚወድ ሰው ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ፤ ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅ ብሎ በብዙ ጥናቶች ተገኝቷል። ስኳሩን ይቀንሱት እንጂ አቦሉንም ቶናውንም ይጠጡ።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ ከባድ ዕውቀት አለመሆኑ ነው። በሦስቱ ከተሞች ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሜትር አለ፣ ሚዛን አለ፣ የግፊት መለኪያ አለ። የቆዳ ሐኪም ባይኖርም የሶሪያሲስ ካርድ የያዘ ሰው ሲመጣ ወገቡን የሚለካ፣ ስኳሩንና ጉበቱን የሚጠይቅ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊኖር ይችላል። የሸገር ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ይህን በአንድ ገጽ መመሪያ ሊያዝ ይችላል፤ ሊያዝም ይገባዋል።

አንባቢዬ፣ እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ሶሪያሲስ ካለበት በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ‹‹ጉበቴስ?›› ብለው ይጠይቁ። የሄፓታይተስ ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ። ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ከሆነ ደም ሳይመረመሩ አይቆዩ፣ ሐኪም ሳያማክሩም አያቋርጡ። የስቴሮይድ መርፌ ልውጋዎት የሚል ክሊኒክ ካጋጠመዎት እምቢ ብለው ይውጡ። የላቦራቶሪ ወረቀትዎንም አይጣሉት፤ ከዓመት በኋላ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።